አኩራፊው ብሮውዘር

ይህ ብሮውዘር አኩራፊ ነው፤ የሚያኮርፈው ግን መርጦ ነው። ዜና ቢከፈትለት ደህና፣ ኢሜይልም አያስከፋውም። ካርታና ቪዲዮ የበዛበት ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ድንገት ድርግም!

ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ባለሙያ ነው። አንዱ «ካሹን አጥፋው» ይላል። ይጠፋል፤ በዚያው ኩኪውም ይጠረግና የይለፍ ቃሉን ከረሳ የቆየው ባለቤት ከየአካውንቱ ደጅ ይቀራል። ብሮውዘሩ እንደ ልማዱ ይዘጋል። ሌላው ቆራጥ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ!» ለጉንፋን እግር መቁረጥ መሆኑ ነው።

መርጦ መዘጋቱ እኮ፣ ሰሚ ቢያገኝ፣ ራሱ ምስክርነት ነበር። ካርታና ቪዲዮ የበዛባቸው ገጾች የግራፊክስ ካርዱን ያስጨንቃሉ። ከሴቲንግ ገብቶ ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚባለውን ማጥፋት ነው፤ በዚያ ከዳነ ያረጀው የግራፊክስ ድራይቨር ይጠረጠራል። ካልዳነ ተረኞቹ ኤክስቴንሽኖች ናቸው። ፋየርፎክስ እነሱን ሁሉ ለጊዜው አስተኝቶ የሚነሳበት የችግር መፈለጊያ ስልት አለው፤ የሚነካው ግን የለም፣ ፎርማት ይሻላል ተብሏላ።

ራምም ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ነው። ክሮም በ2008 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አንዱ ታብ ሲወድቅ ሌላው እንዲተርፍ ታቦቹን በተለያየ ፕሮሰስ እየለያየ ነበር። ደግ ሐሳብ፤ ራሙን የሚከፍለው ግን ተጠቃሚው ነው። በ4 ጊጋባይት ራም ከአምና ጀምሮ ያልተዘጉ ታቦች የሚያከማች ሰውም «ኮምፒውተሩ ምን ነካው?» ይላል።

ብሮውዘሩስ በወደቀ ቁጥር «ሪፖርት ልላክ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱ በብስጭት «አይላክ» ይለውና፣ ለምን እንደማያስተካክሉት ሲያማርር ያመሻል።