ለማየት መጥተን ሳናይ የምንመለስ

ትራያትሎን ማየት ያደክማል። ተወዳዳሪው ዋኝቶ፣ ብስክሌት ነድቶ፣ ሮጦ ይደክማል፤ በመጨረሻ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ ይጠለቅለታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይገባዋልም። ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ቦርሳውን ይዘው፣ ልጅ አዝለው አብረውት የወጡት ሰዎች ግን ቀኑን ከብረት አጥር ጀርባ ቆመው ይውላሉ። ከዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ የራሳቸውን ሰው የሚያዩት ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ጨርሶ ሳያዩት የሚመለሱም አሉ። በቺካጎም፣ በለንደንም፣ በሃምቡርግም አጥር ዳር የቆመ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

መከራው ከዋናው ይጀምራል። በኦሎምፒክ ርቀት ዋናው 1.5 ኪሎ ሜትር፣ ብስክሌቱ 40፣ ሩጫው 10 ኪሎ ሜትር ነው። ዋናተኞቹ ጥቁር የጎማ ልብስ ለብሰው፣ መነጽር አድርገው፣ አብረው የሚነሱት ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ቆብ አጥልቀው ውሃ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ የሚታየው ክንድና ቆብ ብቻ ነው። «የኔ የትኛው ነው?» የምትል እናት የሌለችበት የውሃ ዳር አላየሁም። ማንም አይመልስላትም፤ አጠገቧ ያለውም የራሱን እየፈለገ ነው። ቆቡ ላይ ቁጥር ቢኖርም ከዳር ሆኖ ማንበብ አይቻልም። በትልቁ ቢጻፍ ምን ይጎድላል?

በዚህ በኩል ቺካጎ ትሻላለች። ዋናው የሚካሄደው ሚሺጋን ሐይቅ ላይ፣ ሞንሮ በሚባለው የጀልባ ማረፊያ ውስጥ፣ የሐይቁን ግንብ ተከትሎ ነው። ሰውየውን አንዴ የለየ ተመልካች ግንቡ ላይ እየተራመደ እስከ መውጫው ሊሸኘው ይችላል። በየከተማው እንዲህ ያለ ቦታ ቢኖር እሮሮዬ ግማሹ በቀረ ነበር።

ከሁሉም የሚብሰው የሰዓቱ ነገር ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ውሃ አይገባም፤ በዕድሜና በጾታ ተከፋፍሎ በደቂቃዎች ልዩነት በቡድን በቡድን ይለቀቃል። ብስክሌት የሚቆምበት ግቢ ግን ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ስለሚዘጋ ሁሉም በጨለማ መድረስ አለበት። ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት የደረሰ ቤተሰብ ሰውየው ውሃ እስኪገባ ብቻ ሁለት ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል። ሕፃን ያለቅሳል፣ አረጋዊ ሰው የሚቀመጥበት ያጣል፣ መጸዳጃ ቤቱን የተወዳዳሪዎች ሰልፍ ይዞታል። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አግዳሚ ወንበር ማቅረብ ከባድ ነው እንበል። የየቡድኑን መነሻ ሰዓት በትልቅ ሰሌዳ ጽፎ በየመግቢያው ማቆም ግን ከባድ አይደለም። ሰሌዳው ባለመኖሩ ሰው እርስ በርሱ ሲጠያየቅ ይውላል፤ የሚያገኘው መልስም ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ነው።

በየተራ መነሳቱ ሌላም መዘዝ አለው። ቀድሞ የገባው አንደኛ ላይሆን ይችላል፤ ዘግይቶ የተነሳው በሰዓት ሊበልጠው ይችላል። እኛ ደግሞ ሩጫ እያየን ያደግን ሰዎች ነን። ማን እንደሚመራ፣ ማን እንደተንጠባጠበ፣ ስንት ዙር እንደቀረ እያወቅን ነው የምንጮኸው። በፓሪስ ኦሎምፒክ ታምራት ቶላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨርሶ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሲሰብር ማንንም መጠየቅ አላስፈለገንም፤ ፊት የነበረው እሱ ነበር፣ ያሸነፈውም እሱ ነው። እዚህ ግን ከፊትህ የሚያልፈው ሰው መሪ ይሁን ኋላ የቀረ አታውቅም። ማወቅ የፈለገ ስልኩን ይከፍታል። ስልኩ የሚያውቀው ደግሞ ተወዳዳሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያሰረው ቺፕ መሬት ላይ የተነጠፈውን ምንጣፍ ሲያልፍ ብቻ ነው። በሁለት ምንጣፎች መካከል ያለው ቦታ በግምት ይሞላል። የሕዝቡ ብዛት ኔትወርኩን ሲያጨናንቀው ግምቱም ይቆማል። «ገና ብስክሌት ላይ ነው» የተባለ ሰው ሮጦ ጨርሶ ከኋላህ መጥቶ ትከሻህን ይነካሃል። አንተ ግን ሲገባ ልታየው ነበር የመጣኸው።

ስለ ብስክሌቱ ብዙ የምለው የለም፤ የሚታይ ነገር የለውምና። ወጥተው ይሄዳሉ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው ይመለሳሉ። ቺካጎ ውስጥ መንገዱ የሐይቁን ዳር ይዞ ወደ ሰሜን የሚዘረጋው ሌክ ሾር ድራይቭ ነው። እሁድ ጠዋት ይህ ጎዳና ሲዘጋ የሚቸገረው ተመልካቹ ብቻ አይደለም። በሰሜን በኩል በኤጅዋተርና በአፕታውን ብዙ ሐበሻ ይኖራል፤ ቅዳሴ የሚሄደው፣ ከሌሊት ሥራ የሚመለሰው፣ ታክሲ የሚነዳው ሁሉ በጠባቡ የውስጥ መንገድ ሲንፏቀቅ ይቆያል። ከተማው በዓመት አንድ ቀን መንገዱን ለስፖርት ቢሰጥ አልቃወምም። ሰው ቀድሞ ዕቅዱን እንዲያስተካክል ግን በሚያነባቸው ቋንቋዎች ሁሉ በየሰፈሩ ማስታወቂያ ሊለጠፍለት ይገባል።

ሲፈለግ ውድድሩን ለተመልካች እንዲታይ ማድረግ እንደሚቻል ፓሪስ በኦሎምፒኩ ትራያትሎን አሳይታናለች። ብስክሌቱ ሰባት ዙር፣ ሩጫው አራት ዙር ነበር። ሻንዜሊዜ ላይ ቦታ የያዘ ሰው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ብስክሌተኞቹን ደጋግሞ አይቷል። ኒውዚላንዳዊው ሃይደን ዋይልድ ሩጫውን ሲመራ ቆይቶ እንግሊዛዊው አሌክስ ዪ መጨረሻው ላይ ደርሶበት በ6 ሰከንድ ሲያሸንፍ ሕዝቡ ማን ማንን እንዳለፈ ያውቅ ነበር። በሴቶቹ ፈረንሳዊቷ ካሳንድር ቦግራን በአገሯ ሕዝብ ፊት ወርቅ ስትወስድም እንዲሁ። በገንዘቡ ከፍሎ ለሚወዳደረው ተራ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ረጅም ምልልስ ይሰጠዋል፤ የእሱን ቤተሰብ ማን ያስባል?

ያቺው ፓሪስ ደግሞ ተመልካቿን አንገላታለች። የወንዶቹ ውድድር ሐምሌ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንዲጀመር ተይዞ ነበር። ዝናብ ሲበዛ የፍሳሹ መስመር ሞልቶ ወደ ሴን ወንዝ ይገባል፤ ውሃው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከተፈቀደው መጠን በላይ ሆኖ በመገኘቱ ውድድሩ ሊጀመር አራት ሰዓት ያህል ሲቀረው በአንድ ቀን መተላለፉ ተነገረ። ወንዙን ለማጽዳት 1.4 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ፈሶበታል። የሰው ጤና ይቀድማልና በመተላለፉ አልከራከርም፤ የውሃ ናሙና ውጤት ወዲያው እንደማይደርስም አውቃለሁ። ነገር ግን የዋናው ልምምድ በተከታታይ ሁለት ቀን ተሰርዞ ነበር። አደጋው እየታየ ተመልካቹ ውሳኔውን በሌሊት እንዲሰማ መደረጉ ያሳዝናል። ከሩቅ የመጣ፣ ለአንድ ቀን ፈቃድ የወሰደ፣ የመመለሻ ባቡር ትኬት የቆረጠ ሰው ማግስቱን ከየት ያመጣል?

እኛም ተመልካቾቹ ንጹሕ አይደለንም። ስልክን ከራስ በላይ ዘርግቶ የሚቀርጽ ሰው ከኋላው ያሉትን ሁሉ ይጋርዳል፤ ቪዲዮውን ቤቱ ገብቶ ሲከፍት የሚያገኘው የማያውቃቸውን ሰዎች ጀርባ ነው። ልጆች በትልልቅ ሰዎች እግር መካከል ለማየት ሲጣጣሩ ማንም ዞር አይልላቸውም። የሌላው ቤተሰብ ሰው ሲያልፍ ደግሞ ዝም እንላለን፣ የራሳችን ሲመጣ ብቻ እንጮኻለን። ብስክሌት በፍጥነት የሚመጣበትን መንገድ ሮጦ የሚያቋርጠው ግን ከሁሉም የባሰ ነው። እሱ ቢወድቅ፣ ብስክሌተኛውም ቢወድቅ፣ የዓመት ልፋት በአንድ ሰው ችኮላ ይጠፋል። በእርግጥ መሻገሪያው ሩቅ ነው፣ የሚመራ ሰውም የለም። ቢሆንም አይደረግም።

ውድድር የምታዘጋጁ ሰዎች ሆይ፣ ለተወዳዳሪው የምትልኩትን መመሪያ ያህል ለቤተሰቡም አንድ ገጽ ላኩለት። የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚሻገር፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ሰውየው በስንት ሰዓት ገደማ እንደሚያልፍ ይጻፍበት። በየመሻገሪያው አንድ ሰው አቁሙ። መጸዳጃ ቤት ለተመልካች ለይታችሁ አስቀምጡ። የመጨረሻው ሯጭ ሳይገባ አጥርና ድምፅ ማጉያ አታንሱ፤ የእሱ ቤተሰብም እንደ ሌላው ሁሉ ጎህ ሳይቀድ የወጣ ነው።