ርካሽ የሱሪ ገመድ አቅርቦት በእምድብር፦ የመጀመሪያ ደረጃ ምርመራ

ለቁምጣና ለቱታ ወገብ የሚሆን ርካሽ ገመድ ከየት ይገኛል የሚለው ጥያቄ በምሁሮቻችን ዘንድ የሚገባውን ክብር አላገኘም። «ላስቲክ እያለ ምን ገመድ ያስፈልጋል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ላስቲክ ግን በታጠበ ቁጥር እየላላ ሄዶ አንድ ቀን ባለቤቱን አደባባይ ላይ የሚክድ ነገር ስለሆነ ከጥናቱ ወሰን ውጪ ተደርጓል።

እምድብር የተመረጠችው በምክንያት ነው። በዙሪያዋ ያለው የቸሃ ሰው ጓሮ እንሰት ነው፤ እንሰት ካለ ደግሞ ቃጫ አለ። ሴቶች የግንዱን ሽፋን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ አስደግፈው ሲፍቁት ሥጋው ለቆጮ ይወርዳል፣ አልፋቅም ያለው ክር ይቀራል። ይኸው ክር ደርቆ ይገመዳል፤ ጆንያም ይሠራበታል። እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው። አባካ የሚባለው የፊሊፒንስ ዘመዱ «የማኒላ ገመድ» ተብሎ ስንቱን መርከብ ወደብ ላይ አስሮ አቁሟል። መርከብ ያሰረ ቤተሰብ ሱሪ ማሰር አያቅተውም የሚለው መላምታችን የተወለደው ከዚህ ነው።

መላምቱ ለገበያ ቀረበ። ቃጫ ሻጯ እናት ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ልጄ፣ የምታስረው በሬ ነው ሱሪ?» ሲሉ የጥናቱን ዘዴ ፈተሹት። በእርግጥ ስለ ቃጫ ጥንካሬ ክርክር የለም። ሱሪውን ይይዛል፤ ችግሩ ባለሱሪውንም መያዙ ነው። ያሳክካል። ሲርስ ደግሞ ቋጠሮው ይጠብቃል፣ ይህም በጥድፊያ ሰዓት የሚያስከትለው ለአንባቢ ግምት ተትቷል።

ስለዚህ ጓሮው በክር የተሞላ ከተማ ለሱሪው ገመድ መርካቶን ይጠብቃል። ናይለኑ በጥቅል ይመጣል፣ በሜትር ይሸጣል። ጫፉ ሲተረተር ክብሪት ጭሮ ማቅለጥ ነው፤ የመሟለጭ ጠባዩን ግን ክብሪት አያርመውም። የጫማ ክር ለስላሳና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የተሠራው እግርን አስቦ ስለሆነ ወገብ ላይ ያጥራል። ሁለት የጫማ ክር ቢቀጥሉ ቋጠሮው ወገቡ እጥፋት ውስጥ ይቀረቀራል፤ እየጎተተ የሚያስገባው መርፌ ቁልፍም እዚያው ውስጥ ተከፍቶ ይቀራል። ይህ ዓይነቱ ሱሪ ለለባሹ ቀጥ ብሎ የመቆም ልማድ ይሰጠዋል።

ለመፍትሔው አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድን። ጊዜው የመስቀል ሰሞን ነበር፤ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ አገር ቤት የሚገባበት፣ ልብስ ሰፊም ቀና ብሎ ሰው የማያይበት። «ጋሼ፣ ርካሽ ገመድ ከየት ይገኛል?» ብንላቸው እግራቸውን ከፔዳሉ ሳያነሱ «ከማዳበሪያ ከረጢት አፍ ነዋ!» አሉ።

ይህ ትልቅ ግኝት ነው። የከረጢቱ አፍ የተሰፋበት ሲባጎ ከትክክለኛው ጫፍ ከተሳበ በአንድ ትንፋሽ ተተርትሮ ያልቃል፤ ከተሳሳተው ጫፍ ከተሳበ ቢላ ያስፈልጋል። የትኛው ጫፍ ትክክለኛ እንደሆነ ገበሬ ሁሉ ያውቃል፣ አስረድቶ የሚናገር ግን አልተገኘም። ሲባጎው በነጻ ነው፤ 50 ኪሎ ማዳበሪያ ለገዛ ሰው። ብቻውን ስለሚቀጥን ሦስት ሆኖ መጎንጎን አለበት። ለዚህ ሥራ ሹሩባ የምትችል የጎረቤት ልጅ ተቀጠረች፤ የጠየቀችው ዋጋ ሱቅ ካለው የናይለን ገመድ ዋጋ በለጠ፣ ያውም ቅድሚያ።