መሬት ያጣ መሰላል

«ዳርክ ሶልስ ከባድ ጌም ነው፤ ካልቻልከው ተወው» ያልከኝ ወዳጄ፣ ና እስቲ ቁጭ በል። መልስ አለኝ፤ አንድ ብቻም አይደለም።

ከባድ መሆኑን ማን ካደ? ሂዴታካ ሚያዛኪ የመራው ይህ አርፒጂ እ.ኤ.አ. በ2011 ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 ሲወጣ ስሙን ያስጠራው ከባድነቱ ነው። የሰበሰብከውን ነፍስ ተሸክመህ ትዞራለህ። ስትሞት ነፍሱ ከወደቅክበት ይቀራል፣ አንተ ከማረፊያው እሳት ዳር ትነሣለህ። ሄዶ ለማንሳት ያለህ ዕድል አንድ ነው፤ መንገድ ላይ ዳግም ከሞትክ የሰዓታት ልፋትህ የለም። ሰው ይህን ቅጣት ለምን ይችለዋል? ሕጉ ስለማያጭበረብር ነዋ! ጠላትህ ጎራዴውን ሲያነሣ አይተኸዋል፣ ጋሻህን ያነሣኸው ግን ዘግይተህ ነው። ጥፋቱ የአንተ ነው፣ አንተም ታውቀዋለህ፤ ለዚህ ነው ጥርስህን ነክሰህ የምትመለሰው። ይህ በሠሪውና በተጫዋቹ መካከል ያለ ውል ነው። በኋላ የመጣው የኮምፒውተር (ፒሲ) እትም የነካው ይህን ውል ነው። እኔ ስለ ከባድነት አላማረርኩም፤ ስለ ብልሽት ነው የማወራው። ገደል መውጣት ከባድ ነው፤ የተበጠሰ ገመድ ግን ከባድ አይባልም፣ የተበጠሰ ነው።

«ለፒሲም ይምጣልን ብላችሁ የለመናችሁት እናንተው አይደላችሁም?» ትላለህ። አዎ፣ ለምነናል! በ2012 መጀመሪያ ላይ ከ90,000 በላይ ሰው በአቤቱታው ላይ ፈርሟል። ገና ላልተሠራ ነገር እንዲህ የሚሰለፍ ገዢ የትኛው ነጋዴ ያገኛል? እንጀራ የጠየቀ ሰው ሊጥ ሲቀርብለት ግን «ራስህ ጠይቀህ» አይባልም።

ሊጥ ማለቴም በቁጥር ነው። በነሐሴ 2012 የወጣው እትም ውስጡ የሚሥለው ምስል 1024 በ720 ብቻ ነበር። ስክሪንህ 1920 በ1080 ቢሆን፣ ቅንብሩ ላይ ያንኑ ብትመርጥ እንኳ፣ ጨዋታው የሚሥለው ከዚያ ነጥብ ሁሉ ከሲሶው ብዙም የማይበልጠውን ነው። የቀረውን እየለጠጠ ይሞላዋል። ለትራስ የተሸመነ ጨርቅ እየጎተትክ ጋቢ አድርገህ ብትለብሰው ብርዱ የት እንደሚገባ አንተው ታውቃለህ። በሰከንድ 30 ምስል ላይ ደግሞ ተቆልፏል። ኪቦርድና ማውስ ይዘህ ስትጫወት ስክሪኑ የሚነግርህ የኤክስቦክስ ቁልፎችን ነው፤ በእጅህ የሌለውን ቁልፍ ተጫን ይልሃል።

«ሠሪዎቹ እኮ አስቀድመው ነግረውናል፤ ለፒሲ ሥራ ልምድ የለንም ብለዋል።» ብለዋል፣ መናገራቸውንም አከብራለሁ። ነገር ግን ሕመሙን የተናገረ ሁሉ ታክሟል ማለት አይደለም። ልምድ የሌለው ልምድ ያለውን ይጠራል፤ ወይም ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ ቢወስድ ደግሞ የሚያስቆጣን አልነበረም።

«ታዲያ ምን ያድርጉ፣ አይቻልማ!» ትለኛለህ። እዚህ ላይ ነው ጆሮህን የምፈልገው። ዱራንቴ በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ተጫዋች ጌሙ ለገዢዎች በተከፈተ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዲኤስፊክስ የተባለች ትንሽ ማስተካከያ አወጣ። በነጻ። ምስሉ ስክሪኑ በሚችለው መጠን እንዲሣል አደረገች። እንደ ጭጋግ ከደበዘዘው ሥር የግንቡ ድንጋይ፣ የጦር ልብሱ ብረት ብቅ አለ። ውበቱ መጀመሪያውኑ እዚያው ነበር! ያሳዘነኝም ይኸው ነው፤ ሠዓሊዎቹ የደከሙበትን ሥራ የሸፈነው የራሳቸው ቤት መጋረጃ ነው። አንድ ሰው በትርፍ ሰዓቱ የገፈፈውን መጋረጃ «አይገፈፍም» አትበለኝ።

«ያ ማስተካከያ ራሱ ችግር አላመጣም?» ጥሩ ጠየቅክ፣ ይህን ልመልስልህ ፈልጌ ነበር። ዲኤስፊክስ በኋላ በሰከንድ 60 ምስል ስትፈቅድ፣ መሰላል ተንሸራትቶ የሚወርድ ተጫዋች አንዳንድ ጊዜ ወለሉን አልፎ ወደ ባዶው መውደቅ ጀመረ። ዝላይም አጠረ። ለምን መሰለህ? ጨዋታው ጊዜን የሚቆጥረው በሰዓት ሳይሆን በምስል ስለሆነ ነው። በከበሮ ምት የሚረግጥ ጨፋሪ ከበሮው በእጥፍ ሲፈጥን እግሩ ይጠላለፋል። እና አሁን ንገረኝ፤ ጥፋቱ ከበሮውን ያፈጠነው ነው ወይስ ጭፈራውን ካንድ ከበሮ ጋር ያሰረው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አይሆንም። ፒሲ ማለት ከበሮው ከቤት ቤት የሚለያይበት አገር ነው፤ እዚያ የሚገባ ይህን አውቆ ይገባል።

«አንዴ ነው የሆነው፣ እርሳው» እንዳትለኝ። በ2014 የወጣው የዳርክ ሶልስ 2 የፒሲ እትም በ60 ምስል በደንብ ይሮጥ ነበር፤ ምስጋናም ይገባዋል፣ አመስግኛለሁ። የጦር መሣሪያህ ግን በዚያ ፍጥነት ስትጫወት በእጥፍ ፍጥነት ያልቅ ነበር። ያው ከበሮ! የታረመው በ2015 ነው። እስከዚያ ድረስ ሰይፉ በየጦርነቱ እየተሰበረበት «መጫወት አላውቅበትም ይሆን?» ብሎ ራሱን የወቀሰ ስንት አለ። እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው። የማሽንን ጥፋት በተጫዋች ጫንቃ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ጌምስ ፎር ዊንዶውስ ላይቭ ስለሚባለው መግቢያማ ብዙ አልልህም። ከአቅም በላይ አስቸግሮ በ2014 መጨረሻ ከመጀመሪያው ጌም ወጣ፣ ተገላገልነው።

«በ2018 ታድሶ በ60 ምስል ወጣልህ አይደል? አሁን ምን ቀረህ?» አዎ ወጣ፣ መሰላሉም መሬት አገኘ። ስለዚህ ይቻል ነበር ማለት ነው! ስድስት ዓመት ሙሉ «አይቻልም» ስትለኝ የኖርከው አንተ ነህ።

«ይህን ያህል ከተቃጠልክ ለምን ትጫወተዋለህ?»

ጌሙ ውስጥ የሙታኑን ደብር አልፈህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የቆመውን ግዙፍ ባላባት ጥለህ፣ ሊፍቱ ላይ ትወጣለህ። ወዴት እንደሚያወርድህ አታውቅም። ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ በሩ ላይ ስትደርስ ያ ለዚህ መንገድ የተነሣህበት የእሳት ዳር ከፊትህ ነው። ያን ሁሉ ሩቅ መንገድ የዞርከው በቤትህ ጣሪያ ላይ ኖሯል። እኔ ያንን የእሳት ዳር የሚያየው ሰው ጥርት ባለ ስክሪን እንዲያየው እፈልጋለሁ፤ መጀመሪያ በወጣበት ቀን፣ በከፈለው ገንዘብ።