የጎጃም አፈር በባልዲ

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ኦምዱርማን ውስጥ፣ አቡ ሮፍ በሚባለው የወንዝ ዳር ሰፈር፣ አርብ አርብ ቤተሰብ በምታንሸራሽር አንዲት የእንጨት ጀልባ ላይ እሠራ ነበር። ማዕረጌ «ያ ሐበሺ!» ሲሆን የሥራ ድርሻዬ ወለል መፈግፈግ ነው። ቅዳሜ ጧት ወለሉ ላይ የማይገኝ የለም፦ የተሳሊ ቅርፊት (የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ ነው፣ ከሱዳኖች ጨዋታ አይለይም)፣ የከርከዴ ቀይ ጠብታ፣ ብርጭቆ የተወው ስኳራም የሻይ ክብ፣ ከሞተሩ የተንጠባጠበ ዘይት። ክረምት ከሆነ ደግሞ ጭቃ አለ።

ስለ ጭቃው ራይሱ፣ ማለትም የጀልባዋ አለቃ፣ ጽኑ አቋም ነበረው። «ከእናንተ አገር የመጣ ነው፤ አንተው እጠበው» ይለኛል። ምን ብዬ ልከራከር? አባይ በክረምት የጎጃምንና የወሎን አፈር ተሸክሞ ካርቱም ሲደርስ ነጭ አባይን ገፍቶ ያቆመዋል፤ ሁለቱ ከሚገናኙበት ከሞግራን ወዲህ ውሃው ድፍርስ ነው። አገሬ ሳለሁ አንድ ጥማድ መሬት አልነበረኝም። ኦምዱርማን ላይ ግን የጎጃምን መሬት በባልዲ እየዘገንኩ እደፋ ነበር።

ጭቃውስ በውሃ ይለቃል። ችግሩ ዘይቱና ከርከዴው ነው፤ እዚህ ላይ ሁሉም ኬሚስት ይሆናል።

ባለሱቁ በረኪና ይመክራል። ባለሱቅ መቼም ከመደርደሪያው ውጭ መድኃኒት አያውቅም። በረኪና ያነጣል፣ እውነት ነው፤ ግን እንጨቱንም አብሮ ይበላዋል። ጣውላው ሸካራ ይሆንና የሚቀጥለውን ዘይት ከበፊቱ አብልጦ ይጠጣል። ደግሞ የአባይ ጀልባ የሚሠራው ሱንት ከሚሉት የግራር ዘር ነው፤ ሱንት ረጅም ጣውላ ስለማይወጣው አናጺው አጫጭሩን እያጋጠመ በምስማር ይመታዋል። ወለሉ መገጣጠሚያ ብቻ ነው፤ የገባበት ኬሚካል ምስማሩ ዘንድ ተቀምጦ ይከርማል። ባለሱቁ ይህም አልበቃው ብሎ፣ «የሽንት ቤት አሲድ ጨምርበት፣ ኃይል ያገኛል» አለኝ። ያገኛል እንጂ! ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ያለቀበት። ለከርከዴ ትንሽ በዛ።

ራይሱ የሽቦ ወዳጅ ነው። ሽቦ ግን ስባሪውን እንጨቱ ውስጥ ይተዋል፤ ስባሪው ዝጎ በማግስቱ ወለሉ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ይመስላል።

ሻይ የሚሸጡት ጎንደሬ እናት ደግሞ አንድ ቀን ጠርተው ከፌስታል የደረቀ እንዶድ አወጡልኝ። በመተማ በኩል የመጣ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ጋቢ የሚያነጣ ጀልባ ያቅተዋል?»

«አያቅተውም እትዬ። ዓሣውንስ ምን ላድርገው?»

እንዶድ የዋዛ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩና፣ ቢልሃርዚያ የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ እንደሚፈጅ ለዓለም አሳወቁ። በኋላም የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በሐይቆቻቸው ቧንቧና ጀልባ ላይ የሚለጠፈውን ዜብራ ማስል የተባለ ዛጎል ለበስ ሞከሩበት፤ ሠራ። ለጀልባ የምስክር ወረቀት አለው ማለት ነው። ነገር ግን ዓሣም ይገድላል፤ እኛ ደግሞ ከጎናችን መረብ የሚጥሉ ጎረቤቶች ነበሩን። ሁለቱ አገሮች በአባይ ጉዳይ የሚከራከሩት አንሶ በእኔ ባልዲ ሌላ አጀንዳ እንዲከፈት አልፈለግሁም። እትዬ እንዶዱን ለነጠላቸው መለሱት። የጣና ሰዎች ታድለው! የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ አቁመው ያደርቁታል እንጂ ማን ይፈገፍገዋል?

የእኔ ፍርድ ይኸው፦ ተራ የልብስ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ብዙ ውሃ። ብሩሹ ከእንጨቱ ጭረት ጋር ሳይሆን አቋርጦት ይሂድ፤ ጭረቱን ተከትሎ ከሄደ ለስላሳውን ክፍል እየቦረቦረ ቦይ ያወጣል። ፀሐይ ሳትበረታ ማለቅ አለበት፤ የኦምዱርማን ፀሐይ ሳሙናውን ጣውላው ላይ ታደርቀዋለች። ዘይቱ ላይ ቀድሞ ሰጋቱራ መነስነስ ነው፤ አቡ ሮፍ ጀልባ የሚሠሩ አናጺዎች ስለነበሩ በነፃ ይገኝ ነበር፣ ባለሱቁም ይህን አይነግራችሁም።

ከርከዴ ግን አንዴ እንጨት ውስጥ ከገባ ፀሐይ እስክታደበዝዘው ከመጠበቅ በቀር መላ የለውም። ስለዚህ ጀልባ የምትሳፈሩ ወገኖቼ፣ ከርከዴያችሁን ዳር ላይ ጨርሳችሁ ግቡ።