«ትንሽ ነገር ናት፣ ቶሎ ሥራልን»

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ቤቱ ተቀምጦ ባነርና ሎጎ የሚሠራ ሰው ሥራ እንዳለው የሚያምን ጎረቤት ብርቅ ነው። ቢሮ የሚገባው ጠዋት ሲወጣ፣ ማታ ሲመለስ ይታያል። ቤታችን የምንሠራውን እኛን ግን ማንም አያየንም። ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ ቆጣሪ አንባቢውን መጠበቅ፣ እንግዳ ከአውሮፕላን ማረፊያ መቀበል ሁሉ በእኛ ላይ ይወድቃል። ጎረቤት ነውና፣ ዘመድ ነውና እምቢ ማለት ይከብዳል። ቀን የተስተጓጎለውን ሥራ ሌሊት እንጨርሰዋለን፣ መብራት ካለ።

መብራቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚጠጋበት በባሮ ወንዝ ዳርቻ፣ መብራት ሲሄድ የሚመጣው ጨለማ ብቻ አይደለም። ቬንትሌተሩ ይቆማል፣ ላፕቶፑ ይግላል፣ በሙቀት የተጎዳው ባትሪ ፋይሉ ተቀምጦ ሳያልቅ ይዘጋል። ደንበኛው ራሱ በጨለማ ተቀምጦ «ደረሰልኝ?» ብሎ ይደውላል። ባነሩ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መሰቀል አለበት፤ ያዘዘው ግን ትናንት ማታ ነው።

«ትንሽ ነገር ናት» ይለናል። ሎጎውን እንዲልክ ስንጠይቀው፣ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ በስልኩ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል። ያን ደብዛዛ ፎቶ በሦስት ሜትር ባነር ላይ ጥርት አድርገን እንድናወጣው ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የቋንቋው ጉዳይ ነው። የጋምቤላ ባነር በአንድ ቋንቋ አያልቅም፤ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ አኝዋክኛ፣ ኑዌርኛ፣ አንዳንዴም ማጃንግኛ ይኖርበታል። ኑዌርኛ በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ እንግሊዝኛ የሌሉት ፊደላት አሉት። አናባቢዎቹም አንዳንዶቹ ከሥራቸው ሰረዝ፣ አንዳንዶቹ ከላያቸው ሁለት ነጥብ አላቸው። ያማሩ የምንላቸው ፎንቶች አብዛኞቹ እነዚህን አይዙም፤ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ይወጣል። የሚይዝ ፎንት ፈልገን፣ ሰረዞቹን አንድ በአንድ አስተካክለን ስንጨርስ ደንበኛው «ሰረዙን ተወው ወንድሜ፣ ይገባቸዋል» ይላል። ሰረዟ ስትወድቅ ድምፁ ይለወጣል፤ ቃሉም ሌላ ሊሆን ይችላል። በኩሌ ወይም በጄዊ የስደተኞች መጠለያ ስለ ኮሌራ የሚለጠፍን ማስታወቂያ የምታነብ እናት ቋንቋዋን በትክክል ተጽፎ ማግኘት አለባት። ይህን ማስረዳት ለምን እንደ ግትርነት እንደሚቆጠርብን አይገባኝም።

አማርኛውም ቢሆን ሰላም የለውም። ፊደላችን የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ኮድ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር። ዛሬም ግን በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ይላክልናል፤ ስንከፍተው የማይነበብ ምልክት ብቻ ነው። ከአፍ እስከ ገደፉ እንደገና እንጽፈዋለን። ስንጽፍ አንዲት ፊደል ከተዘለለች፣ ናሙናውን አይቶ «አሪፍ ነው፣ ይታተም» ያለው ሰው ከደሙ ንጹሕ ይሆናል።

ክፍያ ሲነሳ «ኮምፒውተሩ አይደል የሚሠራው?» ይባላል። የዲዛይን ሶፍትዌር ኪራይ በዶላር ነው። ዶላሩ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የባነር ዋጋ ላይ ትንሽ ስንጨምር ግን ስግብግቦች ተባልን። ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ አለ፤ ገንዘብ ለመላክ ደቂቃ አይፈጅም። ሥራውን በአንድ ሌሊት የፈለገው ሰው ግን ክፍያው ላይ ሲደርስ ስልክ አያነሳም፤ ሲያነሳም «በጀት አልተለቀቀም» ይላል።

አሁን አንዳንዶቻችን ግማሹ ሳይከፈል ሥራ አንጀምርም፤ ቀሪው ሳይገባም የሚታተመውን ፋይል አንልክም። የኑዌርኛውን ወይም የአኝዋክኛውን ጽሑፍ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አንብቦ እስኪፈርምበት ድረስም ወደ ማተሚያ አይሄድም። ቅር ያላቸው አሉ። ቅር ይበላቸው።