በነሐሴ ውሃ መርጨት

ርካሽ የኬሚካል መርጫ ፓምፕ አረሙን ከመርጨቱ በፊት ተሸካሚውን ይረጫል። ይህ ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም። ካርቶኑ ላይ ያለው ጓንት ያጠለቀ፣ መነጽር ያደረገ፣ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ ገበሬ ነው። እንዲህ እየሳቀ የሚረጭ ሰው መራዊ ዙሪያ አይቼ አላውቅም። 16 ሊትር በጀርባው አዝሎ፣ በግራ እጁ እጀታውን እየጎሰመ፣ በቀኙ ዘንጉን ወደ ጤፉ ዘርግቶ፣ ከክዳኑ ያመለጠው የአረም ማጥፊያ፣ ቱፎርዲ፣ በአከርካሪው ቁልቁል ሲወርድበት የምን ሳቅ ነው? ሽታው ማታም አብሮት ይተኛል።

አጎቴ ዘንድሮ እንዲህ ያለ ፓምፕ ገዙ። ባለሱቁ “ከውዱ ጋር አንድ ነው፤ ስሙ ነው የሚለየው” ብሎ ማለላቸው። ገንዳውን ካየን አልዋሸም። ልዩነቱ ያለው በማይታየው በኩል ነው፦ የውስጧ ጎማ፣ የማጣሪያዋ ወንፊት፣ ከዘንጉ ጫፍ ያለችው አፍንጫ። ሦስቱ ተሰብስበው እፍኝ አይሞሉም፤ ጤፉ የሚተርፈውም የሚቃጠለውም በነሱ ነው።

“ኬሚካል ከመግባቱ በፊት በንጹሕ ውሃ እንሞክረው” ስላቸው አጎቴ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ነሐሴ ነው፤ ደመናው የቆጋን ግድብ በአንድ ቀን ሊሞላ የተሳለ ይመስላል።

“እግዜር በነጻ የሚረጨውን አንተ በፓምፕ?”

ጎረቤትም ተሰበሰበ። በክረምት ውሃ የሚረጭ ሰው በየዓመቱ አይገኝም። ከጣራው ሥር ደረቅ ቆርቆሮ አንጥፈን ጎሰምነው። መጀመሪያ አየሩ አቃሰተ፤ ከዚያ ከእጀታው ሥር ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። የዘንጉ መጋጠሚያም አለቀሰ። ከአፍንጫዋ የወጣው ውሃ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ግራውን አርሶ ቀኙን በአቧራው ተወው። ይህ ኬሚካል ቢሆን ኖሮ የማሳው ግማሽ አረም፣ ግማሽ ቃጠሎ፣ የአጎቴም ጀርባ ተጨማሪ ማሳ ይሆን ነበር። መጋጠሚያውን ፈትተን በቴፍሎን ጠቀለልነው፤ የእጀታውን ጎማ ቫዝሊን ቀባነው። ቫዝሊኑ የማን እንደነበር በኋላ በቤቱ ውስጥ ተጣርቷል።

በነገራችን ላይ፣ መርጫ የሚባለውን ዕቃ ወደ ዓለም ያመጡት የወይን ሌቦች ናቸው ብል የማጋንነው ትንሽ ነው። በፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ ገበሬዎች የመንገድ ዳሩን ወይን አላፊ አግዳሚው እንዳይቀጥፍባቸው የመዳብ ሰልፌትና ኖራ በጥብጠው ይረጩበት ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1882 ሚላርዴ የተባለ የዕፅዋት ሊቅ በዚያ ሲያልፍ፣ የመሃሉ ወይን በበሽታ ቅጠሉ ሲረግፍ የመንገድ ዳሩ ለምልሞ አገኘው። ነገሩን በ1885 ይፋ አደረገ። ያን ሁሉ ተክል በመጥረጊያ እየነከሩ መርጨት አልዘለቀምና ቬርሞሬልን የመሰሉ ሠሪዎች በጀርባ የሚታዘል መርጫ ይዘው ገበያ ወጡ። አጎቴ ይህን ሰምተው “ለእሸት ሌባም ይሠራል?” ብለው ጠየቁኝ።

ወደ ፓምፑ እንመለስ፤ ቀጥሎ ልኬቱ ነበር። የግብርና ባለሙያው ያሳየን ዘዴ ቀላል ነው፦ 10 በ10 ሜትር በካስማ ትከልላለህ፤ ገንዳው ላይ ምልክት አድርገህ ውሃ ትሞላለህ፤ ከረጨህ በኋላ የጎደለውን በሊትር እየሰፈርህ ትመልሳለህ። 2 ሊትር ከጎደለ በሄክታር 200 ሊትር ነው፤ ለአንድ ቃዳ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 50 ሊትር፣ ሦስት ሙሉ ፓምፕና ጥቂት ጭማሪ። ሒሳቡ አላስቸገረንም። ያስቸገረን የአጎቴ እግር ነው። ሰው ሲያያቸው ታቦት እንደሚያጅብ ሰው ይራመዳሉ፤ ነጎድጓድ ሲሰሙ ይሮጣሉ። ያው ፓምፕ፣ ያቺው አፍንጫ፣ በእርጋታው 3 ሊትር፣ በሩጫው 1 ሊትር ተኩል። ለካን የምንለው እንግዲህ የሳቸውን አረማመድ ነበር። በመጨረሻ ሚስታቸው ከፊት እየሄዱ እርምጃ እንዲያስተካክሉላቸው ተደረገ። ትዳራቸው ከዚያ ወዲህም አለ።

ቱፎርዲው በሄክታር 1 ሊትር ከሆነ ለ16 ሊትሩ ፓምፕ የሚደርሰው 80 ሚሊ ሊትር ነው። አጎቴ ግን ለዓመታት የሰፈሩት በአረቄ መለኪያ ነው፤ ለፓምፑ አንድ፣ አረሙ ከጠና ሁለት። ሚስታቸው መለኪያው የት ይውል እንደነበር ባወቁ ዕለት በዚያ የጠጡትን እንግዶች ሁሉ በየስማቸው እያስታወሱ አማተቡ።

አፍንጫዋ ስትደፈን ደግሞ በአፍ መንፋት የአገሩ ልማድ ነው። መርዝ መሆኑን የሚያጣ የለም፤ “እፍ ለማለት ነው እንጂ ለመጠጣት አይደለም” ይላሉ። የማይነፋው በእሾህ ወይም በሽቦ ይጎረጉራል፤ ቀዳዳዋ ይሰፋና አረሙ ላይ ጉም መሆኑ ቀርቶ ዝናብ ታወርዳለች። አዲስ ሳለች በአንድ ደቂቃ የምታወጣውን ለክቶ መያዝ ነው፤ ከዚያ በመቶ 10 ከበለጠች መጣል። ለማጽጃ ለስላሳ ብሩሽ በቂ ነው። በቤታችን የጥርስ ብሩሽ በመፋቂያ ተሸንፎ ሥራ ፈት ስለነበር ወዲያው ተቀጠረ።

የፓምፕ እውነተኛ ጠላት ግን ውሰት ነው። ቱፎርዲ ጤፉን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን የሚመርጥ ነገር ነው፤ ከቱቦው ውስጥ ጥቂት ቢቀር ለበርበሬ ይበቃዋል። አንድ ጎረቤት የአጎቴን አሮጌ ፓምፕ ወስዶ ጤፉን ረጨ፤ ለቅልቆ መለሰ። ሌላው በማግስቱ ለበርበሬው በሽታ ተዋሰው። በሽታውን እንጃ፤ በርበሬው ቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ ግንዱ ተጠማዞ፣ አሳዳጊውን የሚያኮርፍ መሰለ። ሽማግሌ ተቀመጠ። አንዱ “አጥቤያለሁ” አለ፤ ሌላው “በምን?” አለ። ሦስቴ፣ አንዴውን በኦሞ፣ እጥበቱንም በቱቦና በአፍንጫዋ በኩል እየረጩ ማስወጣት እንደሚገባ፣ ውሃውም ወደ ቦይ እንደማይደፋ ያን ቀን በይፋ ተወሰነ። ለአረምና ለበሽታ ሁለት ፓምፕ ይለይ የሚለው ሐሳብ ግን “ማን ይገዛዋል?” በሚለው ወደቀ።

አጎቴ አዲሱንም ያውሳሉ፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ፓምፑን ከነማንገቻው ያስረክባሉ፤ አፍንጫዋን ግን ፈትተው በመሐረብ ቋጥረው ኪሳቸው ይከታሉ። ተዋሹ “አጋሼ፣ በምን ልርጭ?” ሲላቸው፣ “አንተም አፍንጫ ግዛ፤ ገንዳ ነው የቸገረህ እንጂ” ይሉታል። በሰፈራችን አሁን ፓምፕ የሌለው ሁሉ የራሱ አፍንጫ አለው።