ማሙሽና መሸኛው

ውጭ አገር ተወልዶ አዲስ አበባ የገባ ሕፃን፣ ከዳይፐሩ ይልቅ ቶሎ ቶሎ የሚቀየረው ወረቀቱ ነው። እህቴ ማሙሽን ከሜሪላንድ ይዛ መጣችና «የልጅ መዋያ ከቤት ኪራይ እኩል ሆነብን፤ እስኪጠነክር እማዬ ጋ ይቆይልን» ብላ ተመለሰች። ውክልናው ለእናቴ፣ ሩጫው ለእኔ ሆነ። በቤታችን «ሰው ያውቃል» የሚባለው እኔ ነኝ፤ የማውቃቸው ሰዎች ግን ሁሉም እንደ እኔው ወረፋ ላይ ናቸው።

ማሙሽ በሕግ ማን ነው? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378፣ ከወላጆቹ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁም ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። አሜሪካም በምድሬ ተወልዷል ብላ ሰማያዊ ፓስፖርቷን ሰጥታዋለች። እኛ ደግሞ ሁለት ዜግነት አንወድም። ስለዚህ አዋጁ የማሰቢያ ጊዜ ሰጥቶታል፦ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያኛውን ትቶ ይሄኛውን እንደመረጠ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ለጊዜው ጥርስ ያብቅል።

እስከዚያው የሚበጀው የትውልድ መታወቂያ ነው፤ ሰዉ ቢጫ ካርድ የሚለው። ካርዱን ያመጣውን የ1994ቱን አዋጅ ቁጥር 270 ለእናቴ አነበብኩላት። ባለካርዱ ያለ ቪዛ ይገባል፤ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ያለ ሥራ ፈቃድም መቀጠር ይችላል። እናቴ ማሙሽን ዘወር ብላ አየችው። የእግሩን አውራ ጣት እየጠባ ነበር።

«ሥራውስ ይቆይለት» አለች።

ክልከላም አለው፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አይቀጠርም፤ በምርጫም ድምፅ አይሰጥም።

«አይሰጥም? ሌሊቱን ሙሉ ማን ነው ታዲያ ሲሰጥ የሚያድረው?»

የልደት ወረቀቱ ዋሽንግተን ባለው ኤምባሲያችን ማኅተም ተመትቶበት፣ እዚህ ተረጋግጦና ተተርጉሞ አንድ መስኮት ላይ ቀረበ። የመስኮቷ ልጅ የአባቱን ስም ጠየቀችኝና ነገርኳት። «እዚህ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው» አለች። አሜሪካኖቹ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ከማሙሽ ስም ጎን ቀጥለውታል። በእኛ አገር አነባበብ ማሙሽ የአያቱ ልጅ፣ የገዛ አባቱ ታናሽ ወንድም ሆኖ አረፈው። ይህን አስረድቼ ሳልጨርስ ዓይኗ የልደት ዘመኑ ላይ ወደቀ፤ 2024 ይላል።

«ወንድም፣ ይሄ ልጅ ገና ሊወለድ ሰባት ዓመት ይቀረዋል» አለችኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ዝምድናውም ዘመኑም ከተስተካከለ በኋላ የቀረው አንድ መስመር ነበር፤ የአገር ውስጥ አድራሻ። እናቴ «ካዛንችስ፣ ከቶታል ዝቅ ብሎ» ብላ የቤት ቁጥሩን በቃሏ ወረደችው። መታወቂያዋም ይህንኑ ይላል። ጉድለቱ ቤቱ አለመኖሩ ነው። በ2017 መግቢያ ካዛንችስ በኮሪደር ልማቱ ሲነሳ፣ እሷም እንደ ብዙ ጎረቤቶቿ ገላን ጉራ ገብታለች። በግቢያችን ላይ አሁን ብስክሌት ይነዳበታል።

«እማማ፣ እንግዲያው መጀመሪያ የእርስዎ መታወቂያ ይቀየር» ተባለች። አቃቂ ቃሊቲ አዲስ መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ መሸኛ ያስፈልጋል።

እስቲ ስደተኛውን እናንተው ለዩልኝ። አንደኛው በአንዲት ሰማያዊ ደብተር አትላንቲክን በእንቅልፍ ተሻግሮ መጥቷል። ሌላዋ ካዛንችስ ላይ ወልዳ ድራ፣ የኡራኤልን ንግሥ አንድም ዓመት ሳታጓድል፣ እድሯን በየወሩ እየከፈለች ኖራ፣ ከአንድ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላው ለማለፍ ከየት እንደመጣች በጽሑፍ አስመስክሪ ትባላለች።

መሸኛውን ልናወጣ በሄድንበት ጠዋት ማሙሽን አዝላው ነበር። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያንን ስናልፍ ተሳለመችና መንገዱን በሙሉ ስለ ሕፃኑ ቂርቆስ ታወራልኝ ጀመር። እናቱ ኢየሉጣ ሞትን ሸሽታ ይዛው ብትሰደድም፣ የሸሸችው ገዥ በሄደችበት አገኛት። የሦስት ዓመቱ ልጅ ግን ሹሙ ፊት ቀርቦ አልደነገጠም፤ የሚፈላውን ውሃ አይታ የፈራችውን እናቱን ያጽናናት እሱ ነው። ገብርኤል ደርሶ ያወጣቸውም ሐምሌ 19 ነው። «እናቱን ያሻገረ ልጅ ነው» አለችኝ።

የእኛው ማሙሽ ሹም ፊት ሲቀርብ ያን ያህል አንደበተ ርቱዕ አልነበረም። ወረፋው በር አልፎ ግቢውን ዞሯል። እሱ ግን ከጀርባዋ ላይ ሆኖ አዋጁ የከለከለውን ድምፅ ባለ በሌለ ኃይሉ ሰጠ። ከፊታችን የቆሙት አንድ በአንድ ዞሩ። «ኧረ ሕፃን የያዙት እናት ይለፉ!» አለ አንዱ። «ይለፉ፣ ይለፉ!» አለ ሌላው። ዓይናችንን ጨፍነን ስንገልጥ መስኮቱ ጋ ነን። ረፋድ ላይ እናቴ መሸኛዋን አራት አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

ማታ እህቴ ደወለች። «አለቀለት?» አለችኝ።

«የእማዬ ሊያልቅ ነው። የእሱ ይቀጥላል።»

ወሬ ከታክሲ ቀድሞ ገላን ጉራ ይደርሳል። በማግስቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ፤ የድሮ የካዛንችስ ጎረቤታችን ናቸው። መታወቂያቸውን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «እትዬ፣ እኔም ያንን መሸኛ ላወጣ ነበር፤ ማሙሽን እስከ ምሳ ድረስ ቢያውሱኝ?» አሉ። ከኋላቸው ሌላ ሰው ይጠብቃል።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ያ የምታነበው አዋጅ የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም አላለም?» ብላ ማሙሽን ካፖርት ታለብሰው ጀመር።